መጽሐፉና አንቀጹ

በ1864 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ በአክሱም ጽዮን ተቀብተው ከነገሡ ገና ሰባት ወር ያልሞላቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ላኩ። በዚያ ክረምት፣ ምጽዋን አስቀድሞ ይዞ የነበረው የግብፁ ኬዲቭ ጦር ወደ ከረን ተሻግሮ ስለነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት መሣሪያም ቢሉ፣ ሽምግልናም ቢሉ፣ የወዳጅነት ቃልም ቢሹ የሚያስደንቅ አልነበረም። እሳቸው ግን ከሌላው ጉዳይ ጋር አንድ መጽሐፍና አንድ ሥዕል ጠየቁ። ሥዕሉ ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል ሲሆን፣ መጽሐፉ ክብረ ነገሥት ነበረ፤ ምክንያታቸውንም ሲገልጹ፣ የኢትዮጵያ ሁሉ ሕግ በዚህ መጽሐፍ እንዳለ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የየአገሩ ስም ሁሉ በውስጡ እንደ ተጻፈ፣ ያለ እርሱም ሕዝባቸው ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል አመለከቱ።

መጽሐፉ ወደ ለንደን የተጓዘበትን መንገድ አንባቢ ያውቀዋልና በአጭሩ ልለፈው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች ንጉሡ ከጎንደር አድባራትና ከሌላም ሥፍራ አምጥተው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያከማቿቸውን መጻሕፍት ዘረፉ፤ ምርኮውም በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር መጥቶ ስለነበረ መልካም መልካሙን ብራና እየመረጠ ገዛ፤ ለሙዚየሙ የደረሰውም 350 ያህል ነው። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩ፤ በሙዚየሙ መዝገብ 818 እና 819 የሚል ቁጥር ተሰጣቸው።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ይህን የጻፉት ንጉሥ የጦር ኃይል ያነሳቸው ሰው አልነበሩም። ደጃዝማች ካሣ ይባሉ በነበረበት ጊዜ የናፒየርን ጦር በትግራይ አሳልፈው ስለነበረ፣ እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ሄደዋል፤ በዚያም መሣሪያ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ አሳም ላይ ተቀናቃኛቸውን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ዘውዱን ወስደዋል። እንግዲህ ነገሩን ልብ ብሎ ለሚመለከተው፣ አንድ ጦር በአንድ ዘመቻ መጽሐፉን ወስዶ መድፉን ትቶ ሄደ፤ መድፉን የተቀበሉት ሰው ደግሞ አራት ዓመት ቆይተው፣ መድፉ ብቻውን እንዳልበቃቸው ለዚያው መንግሥት ጻፉ። ስለ መንግሥት ምንነት ብዙ የተደከመባቸው መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ያለ አጭርና ያልተሸፋፈነ ምስክርነት ግን ከአንድ ንጉሥ አፍ ሲወጣ አላገኘሁም።

የሙዚየሙ አስተዳዳሪዎች ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ፣ ቁጥር 819፣ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ይህም የሆነው በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. ነው። ሥዕሉ ግን በሙዚየሙ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና።

ለመሆኑ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምን ተጽፎበታል? ክብረ ነገሥት 117 ምዕራፍ ያለው ሲሆን፣ የነገሩ መክፈቻ በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት ስለ ነገሥታት ክብር የሚያደርጉት ጉባኤ ነው። ከዚያም ታምሪን የተባለው ነጋዴ የሰሎሞንን ጥበብና ቤት አይቶ ለንግሥት ማክዳ ሲያወራላት፣ እርስዋም በጥበብ ፍቅር ተነድፋ ወደ ኢየሩሳሌም ስትወርድ እናያለን። ሁላችንም በልጅነታችን በቆዳ ላይ ተሥሎ፣ በአርባ አራት ክፍል ተከፋፍሎ ያየነው ታሪክ ስለሆነ እንዳለ መድገም አያሻም፤ ነገር ግን በዚያ ሥዕል ላይ ዓይን ፈጥኖ የሚያልፈው አንድ ሌሊት አለ፤ በዚያ ሌሊት ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ።

ንግሥቲቱ ወደ አገርዋ ለመመለስ በተነሣች ጊዜ ሰሎሞን በመሰናበቻ ግብር አስቀመጣት፤ የሚያስጠማ መብል፣ ዓሣና በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ሆምጣጤ የገባበት መጠጥ ሆን ብሎ አስቀረበላት። ሌሊቱ በገፋ ጊዜ በእልፍኙ እንድታድር ለመናት፤ እርስዋም በግድ እንዳይደርስባት አስማለችው፤ እርሱም በፋንታው ከቤቱ ገንዘብ አንዳች እንዳትወስድ አስማላት። እርስዋ፣ የራስዋ አገር ወርቅ የሞላት ንግሥት፣ በመሐላው ስቃ ማለች። አልጋቸው በእልፍኙ ግራና ቀኝ ተነጠፈ፤ በመካከሉም ውኃ የሞላበት ዕቃ ተቀመጠ። ጕሮሮዋ ደርቆ ከእንቅልፍዋ ነቅታ፣ ንጉሡ የተኛ መስሏት፣ ድምፅ ሳታሰማ ሄዳ እጅዋን ወደ ውኃው በዘረጋች ጊዜ፣ ነቅቶ ይጠብቃት የነበረው ሰሎሞን እጅዋን ያዘ። መሐላሽን ስለምን አፈረስሽ አላት። ውኃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ይሆናልን ብትለው፣ ከሰማይ በታች ከውኃ የሚበልጥ ገንዘብ አይተሻልን ሲል መለሰላት።

ልጃቸው ምኒልክ የተፀነሰው፣ በኋላም ሥርወ መንግሥቱ ሁሉ የቆመው በዚህ ክርክር ላይ ነው። ክርክሩም የኃይል ክርክር ሳይሆን የቃል ትርጕም ክርክር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ይኸውም ገንዘብ ማለት ምን ማለት ነው? ውኃ ገንዘብ ነውን? የሚል ነው። በሰሎሞን ተንኰል አልስማማም፤ ዛሬ የትኛውም ዳኛ በእንዲህ ያለ ወጥመድ የተያዘ መሐላ ያጸናል ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ የአንድ መንግሥት የጥንተ ነገሩ መጽሐፍ፣ በሰይፍና በድል መጀመር ሲችል፣ በውል ቃልና በውል ትርጕም መጀመሩ የጻፉትን ሰዎች ጠባይ ይነግረናል፤ የሕግ ሰዎች ነበሩ።

እነርሱም እነማን እንደነበሩ መጽሐፉ ራሱ በመጨረሻው ገጽ ይናገራል። በዚያ የሰፈረው ማስታወሻ፣ መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ ይተርካል፤ ወደ ግእዝ የመለሰው ይስሐቅ ሲሆን፣ ሊቃውንት የአክሱም ንቡረ እድ እንደነበረ ይናገሩለታል። ዘመኑ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ የ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ይስሐቅ በዚያ ማስታወሻ፣ መጽሐፉ ከዐረብኛ ሳይወጣ በዛግዌ ዘመን ለምን እንደ ቀረ ሲያስብ፣ ከእስራኤል ወገን ሳይሆኑ መንገሥ ሕግን መተላለፍ ነው የሚል ቃል ስላለበት ሳይሆን አይቀርም ይላል። አንድ ጸሐፊ፣ የሚጽፈው መጽሐፍ ማንን እንደሚያስደስትና ማንን እንደሚያስቆጣ፣ ስለዚህም መቼ ሊወጣና መቼ ሊሰወር እንደሚገባው በራሱ እጅ ሲጽፍልን ከዚህ የበለጠ ግልጽነት አይገኝም። ዛግዌዎች ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ የለቀቁት፣ ይህ ከመጻፉ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ነበረ፤ ድሉ ከተገኘ በኋላ ድሉን የሚያጸድቅ መጽሐፍ ወጣ።

እንዲህ ስል መጽሐፉን የማራክስ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዓላማዬ ግን ሌላ ነው። የዐፄ ዮሐንስን ደብዳቤ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ንጉሡ የጠየቁት ይህንን የማክዳንና የሰሎሞንን ነገር መስሎኝ ነበር፤ ደግሜ ሳነበው ግን የጠሩት ሹማምንትን፣ አብያተ ክርስቲያናትንና አገሮችን ነው። ይህ ተረት አይደለም፤ መዝገብ ነው። በአገራችን ልማድ የመጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ የደብር ጉልት፣ የርስት ስጦታ፣ የሹመት ሥርዓት የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ሲሆን፣ መጨረሻውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን በሚያወግዝ ግዝት ይታሠራል፤ የሰው እጅ ቢደፍር እንኳ ወንጌል ፍቆ መሬት ለመውሰድ ይፈራልና። ክብረ ነገሥትም እንዲሁ በጀርባው ማን ለማን ምን እንደሚገባው፣ የትኛው ደብር የትኛውን አገር እንደሚበላ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። የንግሥቲቱ ታሪክ ማን ሊነግሥ እንደሚገባው ሲናገር፣ የጀርባው መዝገብ ደግሞ ንጉሡ ነግሦ የማን መሬት መንካት እንደማይገባው ይናገራል። ሕዝቡ ትእዛዜን አይቀበልም ማለታቸው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ገበሬውና ካህኑ የሚፈልጉት የንጉሡን ዘር ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ስም ጭምር ነበረ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመት ሕያው ሆኖ የኖረው በጽሑፉ ብቻ አይደለም። አንባቢ የቅኔ ቤትና የመጻሕፍት ቤት ትምህርት ያየ ከሆነ፣ የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንዱ ደቀ መዝሙር የግእዙን ንባብ በጠራ ድምፅ ሲጥል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ትርጕሙን ሲያወርዱ ያስታውሳል። ንባቡ አንድ መስመር ነው፤ ትርጕሙ ግን መጀመሪያ በቁሙ ይሰጣል፤ ከዚያ ይህን ለምን አለ ቢሉ ይባልና ምክንያቱ ይወርዳል፤ ከዚያ አንድም ይባልና ሁለተኛ ፍች ይመጣል፤ ደግሞ አንድም ይባልና ሦስተኛ። አንድም የሚለው ቃል የፊተኛውን አያፈርሰውም፤ ከጎኑ ይቆማል እንጂ። የሌላው ዓለም የሕግ ሰዎች፣ የጥንት ሰነድ ሲጻፍ በተፈለገው ፍች ብቻ ይነበብ ወይስ ዘመኑ በሚፈቅደው ፍች በማለት ሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ ብሰማ፣ የኔታ አንድም ብለው ሁለቱንም ባስቀመጧቸው ነበር እላለሁ።

ይህ የአነባበብ ሥርዓት በተለይ የተሠራበት የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የተባለ የግብፅ ቅብጣዊ ሊቅ በዐረብኛ ያዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ 22ቱ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ሥጋዊ በሆኑ 51 አንቀጾቹ የቤተ ክርስቲያንንም የቤተ መንግሥትንም ዳኝነት ሲመራ ኖረ። ለሌላ አገር ክርስቲያኖች የተጻፈ፣ ስለማናውቀው ንግድና ስለማናውቀው ባሕር የሚናገር መጽሐፍ፣ በደጋ ለሚኖር ገበሬ ፍርድ ሊሰጥ የቻለው ሊቃውንቱ አንድም እያሉ ስለተረጐሙት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 የቀድሞውን ልማድና ሕግ እስኪሽረው ድረስ በፍርድ ቤት ኖረ፤ በጉባኤ ቤት ግን ዛሬም ይነበባል።

አሁን ወደ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. እንሻገር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ በተሰበሰቡበት፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ተቀበለች። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው በዚያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ ወደ አገራቸው ተመልሰውም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ ኋላም በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የቆሙ ሰው። ምሳሌ አድርገው የያዙት የጃፓንን የ1889 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ነበረ። ያኛው በሰባት ምዕራፍ 76 አንቀጽ፣ የእኛው በሰባት ምዕራፍ 55 አንቀጽ ነው። ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያነብ፣ የቤት አለመደፈር፣ የደብዳቤ አለመከፈት፣ ያለ ሕግ አለመታሠር የሚሉት መብቶች ሁሉ በሕግ ከተወሰነው በስተቀር በሚል ልጓም ተለጉመው ይታያሉ፤ ልጓሙም ከጃፓን የመጣ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መመሳሰል ግን በዙፋኑ ነገር ላይ ነው። የጃፓኑ ሕገ መንግሥት በመጀመሪያው አንቀጹ፣ አገሪቱ ከጥንት ጀምሮ ባልተቋረጠ የነገሥታት ዘር እንደምትገዛ ደነገገ፤ ይህንንም የነገሥታቱን ዘር ከፀሐይ አምላክ የሚቆጥረው ጥንታዊ መጽሐፋቸው ይደግፈዋል። የእኛውም በ3ኛው አንቀጹ፣ ዘውዱ ከኢየሩሳሌሙ ንጉሥ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ከተወለደው ከቀዳማዊ ምኒልክ ነገድ ሳያቋርጥ ከመጣው፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተወላጅ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ወሰነ። ይስሐቅ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በአክሱም የጻፈው ታሪክ፣ በእልፍኙ መካከል የተቀመጠው ያ የውኃ ዕቃ ሳይቀር፣ ቁጥር ተሰጥቶት የሕግ አንቀጽ ሆነ።

በጊዜው ይህ ለመጽሐፉ ታላቅ ክብር መስሎ ሳይታይ አልቀረም። እኔ ግን መጽሐፉ የተጎዳው በዚያን ቀን ነው ባይ ነኝ። ክብረ ነገሥት በመጽሐፍነቱ የቤቱን በር ወለል አድርጎ ትቶት ነበር፤ ጎንደርም፣ ሸዋም፣ ትግራይም፣ ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስም ሳይቀሩ፣ እኔም ከዚያ ዘር ነኝ እያሉ በዚያው በአንድ መጽሐፍ ተከራክረዋል፤ ዘር መቍጠር ለሚችል ካህን ሁሉ አንድም የሚልበት ሥፍራ ነበረው። 3ኛው አንቀጽ ግን በሩን ዘግቶ ቁልፉን ለአንድ ቤት ሰጠ። ይህን መጽሐፍ ከለንደን ለምነው ያስመለሱት ዐፄ ዮሐንስ፣ ከሣህለ ሥላሴ የማይወለዱ ናቸውና፣ በ1923ቱ አንቀጽ ቢመዘኑ ለዙፋኑ የማይገቡ ሰው ይሆኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ለመተረክ ብዙ አያሻም። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ131 አንቀጽ ሲወጣ የዘሩን ቃል ደገመው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አውርዶ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ አንቀጹም ከቤቱ ጋር ወደቀ። በጃፓንም በጦርነቱ ከተሸነፉ በኋላ በ1947 (እ.ኤ.አ.) የጸናው ሕገ መንግሥት ያንን የአንቀጽ 1 ቃል አውጥቶ ንጉሡን የአገርና የሕዝብ አንድነት ምልክት ብሎ ጠራው። መጻሕፍቱ ግን አልወደቁም። የእኛው በአብያተ ክርስቲያናት ይነበባል፣ በአማርኛ ይታተማል፣ ባሕር ተሻግሮም በጃማይካ ራስ ተፈሪያውያን ዘንድ፣ ይስሐቅ በሕልሙም ባላሰበው አኳኋን፣ ሌላ ፍች ተሰጥቶት ይኖራል። የኔታ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ፤ አንድም ለማለት ግን አይከለክሉም ነበር።

ዛሬ የምንተዳደርበት፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ባለ 106 አንቀጹ ሕገ መንግሥት፣ የሚጀምረው እኛ በማለት ነው፤ ከዚያም እኛ ማለት የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መሆናቸውን ይናገራል። ዘር የሚቆጠርለት ንጉሥ ቀርቶ ተናጋሪው ብዙ ሆነ። ስለዚህ ቃል ያለው ክርክር ገና ትኩስ በመሆኑ፣ በዚህ ምዕራፍ ዳኛ ልሁን አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ ግን ሳልጠቅስ ላልፍ አልወድም። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት በተራዘመ ጊዜ፣ የመንግሥቱ ዘመን ሲያልቅ ምን ይሁን የሚለው በአንቀጽ 54፣ 58 እና 93 ውስጥ በግልጥ ስላልተጻፈ፣ ነገሩ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ቀረበ። በግንቦት ወር የሕግ ምሁራን በቴሌቪዥን በቀጥታ እየታዩ፣ አንዱ ንባቡን በቁሙ ሲይዝ፣ ሌላው የአርቃቂዎቹን ሐሳብ ሲጠቅስ፣ ሌላውም የሰነዱን መንፈስ ሲተነትን ብዙ ሰው በየቤቱ ተቀምጦ አደመጠ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሰኔ ውሳኔውን ሰጠ፤ ውሳኔውን የተቀበለም ያልተቀበለም ነበር፤ ተከትሎ የመጣውንም መከራ አገር ያውቀዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ጉባኤ የሚለው ቃል ከዛፉ ጥላ ሥር ተነሥቶ በዚያ አዳራሽ ሲቀመጥ አይቼ፣ ቃሉን ወስደን ሥርዓቱን፣ ይኸውም የፊተኛውን ፍች ሳያፈርሱ ሁለተኛውን የመስማትን ትዕግሥት፣ ወዴት እንደጣልነው ራሴን ጠይቄአለሁ።

ዐፄ ዮሐንስ የጠየቁት መጽሐፍ ነው፤ የተመለሰላቸውም መጽሐፍ ነው። ቁጥር 818 ተብሎ የተመዘገበው ሁለተኛው ቅጂ ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።